የኤስ ጅራት

ባለፈው ወር የአክስቴን ቁም ሳጥን ላጸዳ ስከፍት የናፍታሊን ሽታ ፊቴን መታኝ። ከፊቴ የተሰቀለው ሰማያዊ የሱፍ ካፖርት የአክስቴ ነው። እኔ ግን ያየሁት ሌላ ካፖርት ነበር፤ ቡናማ፣ ክርኑ ላይ የተጣፈ፣ እጅጌው በጠመኔ ብናኝ የነጣ። ቲቸር አስካለ ከመስከረም እስከ ሰኔ የማታወልቀው ካፖርት።  የቁም ሳጥኑን በር ዘግቼ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ።

ዘመኑ የደርግ ነው፤ እኔ አምስተኛ ክፍል ነበርኩ። የምንኖረው መካኒሳ አቦ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ዝቅ ብሎ ወደ ወንዙ በሚወርደው ኮረኮንች መንገድ ዳር ነው። ትምህርት ቤታችን በፈረቃ ስለነበር ጠዋት ተምሬ ከሰዓት ቤት እውላለሁ። ቲቸር አስካለ እንግሊዝኛ ታስተምረናለች። ዓርብ ዓርብ ደግሞ የመጨረሻው ክፍለ ጊዜ የእጅ ጽሕፈት ነበር፤ ያ ተቀጣጣዩ፣ ፊደሎቹ እርስ በርስ ተያይዘው የሚጻፉት።

ለእያንዳንዱ በዓል አንድ መስመር ነበራት። ትምህርት እንደተከፈተ፣ እንቁጣጣሽ ያለፈ ቢሆንም፣ "ሃፒ ኒው ይር" እንጽፋለን። ከዚያ የአብዮት በዓል መስመር ይመጣል፤ እሱ ረጅም ስለነበር ጣታችንን ያመን ነበር። ቀጥሎ መስቀል። ታኅሣሥ ሲገባ ደግሞ "ሜሪ ክሪስማስ"። ዳይሬክተሩ ይህኛውን እንደማይወዱት ይወራ ነበር። እሷ ግን፣ "ገና ካላንደሩ ላይ ቀይ ነው፤ መንግሥት ሥራ የዘጋበትን ቀን እኔ ለምን እዘለዋለሁ?" ብላቸዋለች ይባላል።

መስመሩን ሰሌዳው ላይ አንድ ጊዜ ብቻ ትጽፈዋለች። እኛ ሠላሳ ጊዜ እንገለብጠዋለን። "እስክሪብቶው ቃሉ ሳያልቅ ከወረቀቱ አይነሳም" እያለች በዴስኮቹ መካከል ትመላለሳለች። ስታልፍ ናፍታሊኑ ቀድሟት ይመጣል፤ ያን ጊዜ ሁላችንም ወገባችንን እናቀናለን። የተሳሳተ ነገር አይታ ማለፍ አትችልም። የጎበጠች ፊደል፣ ከመስመር የወረደች ነጥብ፣ ሁሉም ላይ ቀይ እስክሪብቶዋ ያርፋል።

የእኔ ጥፋት ሁልጊዜ አንድ ነበር። "ክሪስማስ" የሚለው ቃል መጨረሻ ላይ ስደርስ ኤሷን ማቆም አልችልም። ወደ ታች አወርዳትና ወደ ግራ አዙሬ፣ ቃሉን ከሥሩ እንደ መቀነት አስሬበት እመለሳለሁ። ማንም አላስተማረኝም፤ እጄ ራሱ ይሄዳል። ቲቸር አስካለ በየሳምንቱ ጅራቱን በቀይ ትቆርጠዋለች።

"ትዕግሥት፣ ያላዘዝኩሽን አትጨምሪ።"

"እሺ ቲቸር።"

በሚቀጥለው ሳምንት እጄ እንደገና ይሄዳል።

አባቴ አናጺ ነበር። ከሆሳዕና በልጅነቱ መጥቶ ሙያውን እዚሁ የተማረ፣ ብዙ የማይናገር ሰው። የሚሠራው የቤታችን የፊት ክፍል ውስጥ ነው። ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ በሩን ከፍቶ ከወትሮው አብልጦ ይልጋል፣ ይመታል፣ ይቆርጣል። ምክንያቱም ሐሙስ ከሰዓት የውስጠኛው ክፍል ሰው ይሞላል። አንድ በአንድ፣ የሚሠራ ወንበር ወይም የሚጠገን ሳጥን ተሸክመው፣ ደንበኛ መስለው ይገባሉ። የእኛ ሰዎች የሚጸልዩበት ቤተ ክርስቲያን ከተዘጋ ቆይቷል። በየቤቱ ተደብቀው ነበር የሚሰበሰቡት፤ ጴንጤ መባል ብቻውን ሰው የሚያሳስርበት ጊዜ ነው። መዝሙሩን በሹክሹክታ ይዘምሩታል፤ የአባቴ መላጊያ ደግሞ ይሸፍነዋል።

እኔ የሰማሁትን ሁሉ እንደ ልጅ ነበር የምረዳው። አዋቂዎቹ እርስ በርስ "ወንድም" እና "እኅት" ስለሚባባሉ እናቴ ከመቶ በላይ ወንድሞች ያሏት ይመስለኝ ነበር። "ሦስት ወንድሞች ታሰሩ" ሲባል ስሰማ፣ እኔ ወንድም ስለሌለኝ፣ እኛን የሚነካ ነገር አይመስለኝም።

ሥራዬ ደጃፍ ላይ መቀመጥ ነው። በርጩማ ይሰጠኛል፣ ደብተሬን ጭኔ ላይ አደርጋለሁ፣ የእጅ ጽሕፈት የምለማመድ መስዬ መንገዱን አያለሁ። የማላውቀው ሰው ወደ እኛ ከዞረ የምጽፈውን መስመር ጮክ ብዬ አነባለሁ። አባቴ ያን ጊዜ መዶሻውን ያነሳል፤ ውስጥ ያሉት ዝም ይላሉ። ታኅሣሥ ከገባ ጀምሮ "ሜሪ ክሪስማስ" ስል ነበር። አንድ ጊዜ ለእንቁላል ሻጭ ብዬዋለሁ። አንድ ጊዜ ደግሞ ለጠፋ በግ ፈላጊ። 

ገና ሦስት ሳምንት ሲቀረው እትዬ ብርቄ፣ ጎፋ ልብስ የምትሰፋ፣ ከእናቴ ጋር የምትጸልይ ሴት፣ ደብተሬን አንስታ ገለጠችው።

"ይህን አንቺ ነሽ የጻፍሽው?"

"አዎ።"

"ለየቤቱ አንድ አንድ ካርድ ብናደርስ ደስ ይለኛል" አለች ወደ እናቴ ዞራ። "ሰዉ ተበታትኖ ገናን ብቻውን ነው የሚውለው። እንዳልተረሳ ይወቅ።"

እናቴ አልወደደችውም። እትዬ ብርቄ ግን የስዕል ደብተር ገዝታ መጣች። አሥራ ሁለት ካርድ ጻፍኩ። ላዩ ላይ በእንግሊዝኛ "ሜሪ ክሪስማስ"፤ ከላዩ በቢጫ ከለር አንዲት ኮከብ። ውስጡን እትዬ ብርቄ ራሷ በአማርኛ ሞላችው፣ በራሷ ጠማማ ፊደል፤ "ለጌታ ወንድሞችና እኅቶች" ብላ ከሥሩ የወንጌል ምዕራፍ ቁጥር አደረገችበት።

ያን ቀን እንዴት ደስ ብሎኝ እንደነበር አልደብቅም። ቀይ እስክሪብቶ የለም። የአሥራ ሁለቱንም ካርዶች ኤስ እስከፈለግኩት ድረስ ነዳኋት። ጅራቱን አንዳንዱ ላይ ሁለቴ ጠመዘዝኩት።

አንዱ ካርድ የደረሳት ሴት ቀበሌ ሱቅ ስኳር ልትወስድ ተሰልፋ፣ የራሽን ካርዷን ከቦርሳዋ ስታወጣ አብሮ ወደቀባት። ያነሳው የቀበሌው ሹም ጓድ ንጉሤ ነው። ሴትዮዋ መንገድ ላይ ወድቆ አግኝቼው ነው አለች። እስከ ማታ አቆይተው ለቀቋት። ግን ጓድ ንጉሤ ካርዱን አልመለሰላትም፤ ልጁ የእኛ ክፍል ተማሪ ነበረች፣ ደብተሯ ላይ ያንኑ መስመር ሲያይ ከርሟል።

ወሬው እኛ ቤት የደረሰው ቅዳሜ ነው። እናቴ የተረፈውን የስዕል ወረቀት ከእንጨት ፍቅፋቂው ጋር አቃጠለችው። ደብተሬን ማቃጠል ግን አልተቻለም። ደብተሮቻችን ሁሉ ለእርማት ቲቸር አስካለ ጋ ነበሩ።

እናትና አባቴ ሲነጋገሩ በመጋረጃው በኩል ሰማሁ።

"ምን አለ አሉ?" አለ አባቴ።

"የማን እጅ እንደሆነ አገኘዋለሁ ብሏል።"

እጅ ሲሉ ጽሕፈት ማለታቸው እንደሆነ አልገባኝም። ሰኞ ትምህርት ቤት መጥተው እጃችንን አሰልፈው የሚያዩ መሰለኝ። ቀኝ እጄን ገልብጬ አየሁት። የመሃል ጣቴ ላይ እስክሪብቶ የሚያርፍበት ቦታ ደድሯል፣ ሰማያዊ ቀለም ገብቶበታል። በቃ፣ ይሄ ነው የሚያስይዘኝ አልኩ። እሑድን ሙሉ ጣቴን በሳሙና ፈተግኩ። አልለቀቀም። አባቴ እንጨት የሚያለሰልስበትን የብርጭቆ ወረቀት ቁራጭ ሰርቄ ሽንት ቤት ገባሁና ደም እስኪወጣ ፋቅሁት። እናቴ ምን ሆነሽ ነው ስትለኝ በር ቆርጦኝ ነው አልኳት።

ሰኞ ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ ጓድ ንጉሤ ከዳይሬክተሩ ጋር ገባ። ሁላችንም ተነሳን። ቁመተ ረጅም፣ ካኪ የለበሰ፣ ድምፁን የማይጨምር ሰው ነበር። ካርዱን ከኪሱ አወጣ። ከሦስተኛው ረድፍ ሆኜ ኮከቧን አየኋት።

"የልጆቹን ደብተር እፈልጋለሁ" አለ።

"ቤቴ ናቸው" አለች ቲቸር አስካለ። "አርሜ አልጨረስኩም።"

"እንግዲያው አሁን ይጻፉ። ያስተማርሻቸውን።"

ቲቸር አስካለ ነጠላ ወረቀት አደለችን። ጣቴን በጨርቅ ጠቅልዬዋለሁ፤ እስክሪብቶውን ስይዝ ያቃጥለኛል። አበላሽቼ ልጻፍ ብዬ አሰብኩ፤ እንደ ሁለተኛ ክፍል ልጅ፣ የተሰባበረ አድርጌ። ያን ጊዜ ድምጿ መጣ።

"እንዳስተማርኳችሁ ጻፉ። ማንም እንዳያበላሽ።"

ማንንም አላየችም፤ መስኮቱን ነበር የምታየው። እኔ ግን ልታስይዘኝ ነው አልኩ።  ጻፍኩ፣ እንዳስተማረችን ጻፍኩ። ኤሷ ላይ ስደርስ ግራ እጄን አምጥቼ ቀኝ እጄን አንጓው ላይ ያዝኩት። ጅራት ሳልሠራ አቆምኩ።

ጓድ ንጉሤ ወረቀቶቹን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ አንድ በአንድ ከካርዱ ጋር አስተያየ። ብዙ ቆየ። የአርባ ስምንት ልጅ ጽሕፈት አንድ ዓይነት ነበር፤ ሁላችንም የእሷን እጅ ነበር የምንጽፈው። እኔ አበላሽቼ ብጽፍ ኖሮ ያን ጊዜ ነበር የምለየው። ይህ የገባኝ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው።

"ይህ የታችኛው ጭረት" አለ ካርዱን ወደ እሷ ይዞ። "ይህን የሚያደርግ የለም።"

"የለም።"

"አንቺስ እንዴት ነው የምትጽፊው?"

ቲቸር አስካለ ጠመኔ አነሳች። ሰሌዳው ላይ ቃሎቹን ጻፈች፣ ቀስ ብላ፣ እጇን ሳታነሳ። መጨረሻው ላይ ስትደርስ አላቆመችም። ወደ ታች ወረደች፣ ወደ ግራ ዞረች፣ ቃሉን ከሥሩ አስራበት ተመለሰች። ልክ እንደ እኔ። በየሳምንቱ በቀይ ስትቆርጠው የነበረውን ጅራት ከእኔ አሳምራ ሠራችው።

 ሌሎቹ ልጆች ለምን እንደዚያ እንደጻፈች የሚያውቁ አልመሰለኝም።

"ለክፍል ማሳያ የሠራሁት ነው" አለች። "የተበላሸውን ጥዬዋለሁ። ውስጡን ማን እንደጻፈበት አላውቅም። የእኔ ጽሕፈት አይደለም።"

"እሱን ቀበሌ ትነግሪናለሽ" አለ።

እጇን በጨርቅ ጠረገች፣ ካፖርቷን ቆለፈች፣ የክፍል አለቃውን "ንባብ፣ ገጽ አርባ" አለችው። ወጣች። ወደ እኔ አንድም ጊዜ አላየችም።

ሰኞን ዋልኩ፣ ማክሰኞን ዋልኩ። ለማንም አልተናገርኩም። ከተናገርኩ እናትና አባቴ ይታሰራሉ፤ ካልተናገርኩ ቲቸር እዚያው ትቀራለች።  ረቡዕ ዕለት የክፍሌ ልጆች ቲቸርን ወደ ከፍተኛ ሊያዛውሯት ነው እያሉ አወሩ። ከፍተኛ ከቀበሌ በላይ ያለው መሥሪያ ቤት ነው፤ እዚያ የገባ ቶሎ እንደማይወጣ ልጅም ያውቃል።

ከሰዓት አባቴ በር እየላገ ነበር። አጠገቡ ሄጄ ቆምኩ።

"አባዬ፣ ቲቸር የታሰረችው በእኔ ነው።"

መላጊያውን አቆመ። ሁሉንም ነገርኩት፤ ጅራቱን፣ ካርዱን፣ ሰሌዳውን።

"ጅራቱን እያወቀች ጻፈችው?"

"አዎ።"

"ሴትዮዋ የእኛ ሰው ናት?"

"አይደለችም። አቦ ነው የምትሳለመው። እንዲያውም ጴንጤ አትወድም ይላሉ።"

በሩ ላይ የቀረውን ፍቅፋቂ በእጁ ጠረገ። ከዚያ ጓሮ ሄዶ እስከ ክርኑ ታጠበና ኮቱን ለበሰ። እናቴ ከውስጥ ወጣች።

"የት ልትሄድ ነው?"

"ቀበሌ።"

"ምን ልትላቸው?"

"ካርዱ ከእኔ ቤት ነው የወጣው እላለሁ።"

"ማን ጻፈው ቢሉህስ?"

"አልናገርም እላለሁ። ውሸት አይደለም።"

"እኛስ?" አለች እናቴ። "እኔና ልጅህስ?"

ጫማውን እያሰረ ስለነበር ፊቱን አላየሁትም። "የማላውቃት ሴት በልጄ ፈንታ ታስራለች" አለ። "ይህን ሰምቼ በር ስልግ ልዋል?"

 እናቴ ገብታ ወፍራሙን ጋቢ አመጣችለት። አጣጥፋ ብብቱ ሥር አደረገችለትና ኮሌታውን አስተካከለችለት። ኮረኮንቹን ሽቅብ ሲሄድ አየነው።

ሐሙስ ቲቸር አስካለ ተለቀቀች። አባቴ ግን በእሷ ቦታ እዚያው ቀረ። ያን ሐሙስ ከቤታችን የመላጊያ ድምፅ አልተሰማም፤ የመጣም ሰው የለም። ገና አለፈ። የተጀመረው በር ግድግዳውን ተደግፎ ቀረ።

ከገና በኋላ ባለው ሳምንት እኔ ጓሮ ከተደረደረው ሳንቃ ጀርባ ሆኜ ሳለ የአጥሩ በር ተንኳኳ። ናፍታሊኑ ነው መጀመሪያ የደረሰኝ። ቲቸር አስካለ እናቴን ሰላም አለቻትና ደብተሬን ከቦርሳዋ አውጥታ ሰጠቻት። በኋላ ሳየው የታኅሣሥ ገጾቹ አልነበሩበትም።

"ባለቤትዎ ለምን ሄዱ?" አለች። ድምጿ የተቆጣ ነበር። "እኔ እኮ ጨርሼ ነበር። ያልኩትን አምነውኝ ነበር። ዳይሬክተሩ ዋስ ሆነውልኝ ሐሙስ ጠዋት ሊለቁኝ ወረቀቱ ተፈርሞ ነበር። አንድ ቀን፣ አንድ ቀን ብቻ ቢታገሡ…"

 ቲቸር አስካለ የእናቴን ፊት አየችና ተወችው።

"ይቅርታ ያድርጉልኝ" አለች። "ይህን ባልናገር ይሻል ነበር።"

"እሱ ግን እንዳይሰማ" አለች እናቴ።

ቲቸር አስካለ ከሄደች በኋላ እናቴ በቀጥታ ወደ ሳንቃው መጣች። እዚያ መሆኔን ታውቅ ነበር። "አንቺም አልሰማሽም" አለችኝ።  አልመታችኝም፣ አልተቆጣችኝም። ብትመታኝ ይሻለኝ ነበር።

እሑድ እሑድ ስንቅ ይዘን ወደ እስር ቤቱ እንሄዳለን። አባቴ ከሽቦው ወዲያ ቆሞ እኛ ከወዲህ፣ ለጥቂት ደቂቃ። ፂሙ አድጓል፣ ኮቱ ሰፍቶታል። በየሳምንቱ የመጀመሪያ ጥያቄው አንድ ነበር።

"አስተማሪሽ ደህና ናቸው?"

"ደህና ናቸው፣ ያስተምራሉ።"

"ጎሽ" ይላል፤ ፊቱ ፈካ ይላል። "እንግዲህ ጥሩ ነው።"

እኔ መሬት መሬቱን አያለሁ። ከሳንቃው ጀርባ የሰማኋት ነገር አንድ ቀን ከአፌ ታመልጠኛለች ብዬ ስለምፈራ ወደዚያ በሚወስደው መንገድ ሁሉ ጥርሴን ነክሼ ነበር የምሄደው። ፋሲካ ደረሰ። ቲቸር አስካለ የፋሲካውን መስመር ሰሌዳው ላይ ጻፈች፤ ሁሉም ሠላሳ ጊዜ ገለበጠ። እኔ እስክሪብቶውን ወረቀቱ ላይ አሳርፌ አንድም ፊደል መጀመር አልቻልኩም። መጥታ አጠገቤ ቆመች። ባዶውን ገጽ አየችው። ደብተሩን ራሷ ዘጋችልኝና አለፈች።

አባቴ የተፈታው ሰኔ ሊገባ ሲል ነው። ለምን እንደፈቱት አልነገሩትም። ጎረቤቱ፣ የእኛም ሰው የሌላውም፣ ሊጠይቀው መጣ። በሦስተኛው ቀን ቲቸር አስካለ መጣች። እስከዚያ ቀን ተያይተው አያውቁም።

"የትዕግሥት አስተማሪ ነኝ" አለች።

አባቴ ተነስቶ ቆመ። የሠራውን ወንበር በእጁ ጠርጎ ሰጣት።  እኔ ሻይ አቀረብኩ።

"በእኛ ሰበብ ሦስት ቀን ታሰሩ" አለ አባቴ።

"እርስዎ አምስት ወር" አለች።

አባቴ ብርጭቆውን መሬት አስቀመጠ። "አንድ ነገር ልጠይቅዎት፣ ቲቸር። እዚያ ሆኜ ብዙ ሳስበው ነበር። ያን ዕለት ባልመጣ ኖሮ ይለቁዎት ነበር?"

እናቴ በሩ ላይ ቀጥ አለች። እኔ ትሪውን ደረቴ ላይ ይዤ ቲቸር አስካለን አየኋት። ያቺ ሴት ከመስመር የወረደች ነጥብ አይታ አልፋ አታውቅም። አባቴን ትክ ብላ አየችው፤ የሰፋውን ኮሌታውን፣ ሥራ ፈተው የለሰለሱ እጆቹን።

"አይለቁኝም ነበር" አለች። "ወደ ከፍተኛ ሊወስዱኝ መኪናው ደጅ ቆሞ ነበር። እርስዎ ደረሱልኝ።"

አባቴ ዓይኑን ጨፈነ። ትከሻው ወረደ፤ የተሸከመውን ሳንቃ መሬት ላይ እንዳሳረፈ ሰው።

"በከንቱ መስሎኝ ነበር" አለ።

"በከንቱ አልነበረም" አለች ቲቸር አስካለ፤ ሻይዋንም አንስታ እስከ መጨረሻው ጠጣች።